ቺፖቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን

ጥር 3

ለፌንጣዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? እኛ ለክፉ አንሰጥም። አክስትሽ እግሯን እየጎተተችም ቢሆን ሹራብ ቤቱን ከማንም ቀድማ ትከፍታለች። ፈጣሪ ካለሽበት ይጠብቅሽ፣ ሥራሽን ያቅናልሽ፣ አንድ ቦታ ቁጭ ማለትንም ያስተምርሽ። ይቺን የመጨረሻዋን ምርቃት ከልጅነትሽ ጀምሮ ስመርቅሽ አንድም ቀን ይዛልሽ አታውቅም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ትልቁ የሹራብ ማሽን ታሟል። ማሽኑ ብረት ነው፣ እሱስ ምንም አይለውም። የታመመው አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ተሰክቶ መርፌዎቹን የሚያዘው ማስፋፊያ ካርድ ነው። እጅጌውን ደህና አድርጎ ይሠራና ደረቱ ላይ ጥለቱ ጋ ሲደርስ፣ መርፌዎቹ ባንድ ላይ ሲነሱ፣ አንዱን ረድፍ ሁለቴ ይደግመዋል። ጥለቱ ይንጋደድና የተማሪ ሹራብ መሆኑ ይቀራል። ካርዱን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። እስከ ዛሬ እየበየድኩ፣ እየጠጋገንኩ ያኖርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን የቦርዱ መስመሮች የብየዳውን ካውያ ባስጠጋሁ ቁጥር እየተላጡ ይነሳሉ።

አክስትሽ ደግሞ አዲስ ማሽን አስመጣለሁ የሚል ደላላ አግኝታለች። አዲሱ ማሽን ከነጠጋኙ ነው የሚመጣው፤ ሲበላሽ ኩባንያው የራሱን ሰው ይልካል። እኔስ? ብዬ አልጠየቅኳትም። አሮጌው ማሽን በዚያ በር ሲወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ አላፊ አግዳሚውን ማየት ነው ሥራዬ። ገና ነኝ ልጄ፣ ለበረንዳ ገና ነኝ። የተማሪዎቹ ትዕዛዝ እስኪመጣ ድረስ ታገሺኝ ብያታለሁ፤ እሺ ብላኛለች።

የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መንደፍ፣ መስመር መዘርጋት ያንቺ እንጀራ አይደል? ካርዱ ላይ ወረቀት አስደግፌ በእርሳስ አሽቼ ሁለቱንም ፊት አውጥቼዋለሁ። ይኸው ልኬልሻለሁ። አሻሽለሽ እንደ አዲስ አውጪልኝ። ብየዳውን ለእኔ ተዪው።

አጎትሽ


ጥር 22

ለውድ ጋሼ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። አክስቴን ጉንጯን ሳሙልኝ፣ ሠራተኞቹንም አንድ በአንድ ሰላም በሉልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ቤት ቀይሬያለሁ፣ አዲሱ አድራሻ ፖስታው ጀርባ ላይ ነው። ደግሞ ምን ሆነሽ እንዳይሉኝ፤ ምንም አልሆንኩም፣ የድሮው ቤት መስኮት አላስቀምጠኝ ብሎ ነው።

ወረቀትዎ ሲደርሰኝ ኮቴን ሳላወልቅ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ጋሼ፣ ይህን ካርድ የነደፈው ሰውዬ ምሳው እየቀዘቀዘበት ነው የነደፈው! ግራውንዱን ይዩት። ኤሌክትሪኩ ሁሉ ተመልሶ የሚሄድበት መንገድ እኮ ነው፤ እሱ ግን እንደ ክር አቅጥኖ በቦርዱ ዳር ዳር አዙሮታል። ብዙ መርፌ ባንድ ጊዜ ሲታዘዝ ያ ሁሉ ጉልበት በዚያ ክር ልመለስ ሲል ይተናነቃል፣ ቺፖቹም ዜሮው የት እንዳለ ይጠፋቸዋል። እሱ ሳያንስ ምቱን የሚሰጠውን የሰዓት መስመር ከትዕዛዝ መስመሮቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ አስኪዶታል። የነሱ ጫጫታ ይዘልበትና ያልተመታ ምት የተመታ ይመስለዋል። ረድፉን ሁለቴ የሚደግመው ለዚህ ነው።

እኔ አዲስ ነድፌያለሁ። ባዶውን ቦታ ሁሉ በግራውንድ ሞላሁት፣ በእያንዳንዱ ቺፕ ጎን ጉልበት የሚያጠራቅምለት ካፓሲተር አስቀመጥኩ፣ የሰዓቱን መስመር ለብቻው አውጥቼ ግራና ቀኙን በግራውንድ አጠርኩለት። ዕቃዎቹ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ስለሆኑ ካርዱ ከመዳፍ አይበልጥም። ሥዕሉን በስልክዎ ልኬዋለሁ። መሥሪያ ቤት አለቃዬ "አልቋል፣ ልቀቂው" እያለ ነው ቦርድ ከእጄ የሚነጥቀኝ፤ ይኼን ግን የሚነጥቀኝ የለም፣ ዛሬ ብቻ ሁለቴ አፍርሼ ሠርቼዋለሁ። ከፈለጉ እዚሁ በይጄ ጨርሼ ልልክልዎ እችላለሁ።

የእርስዎው ፌንጣ


የካቲት 16

ለፌንጣዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ የገባሽበት ቤት ይመችሽ፣ መስኮቱም ይስማማሽ። እኛ አለን። ስመሽ የላክሽውን ለአክስትሽ አድርሻለሁ፤ ጉንጭ የሚስም ሰው መጥቶ ይሳም ብላሻለች።

በስልክ የላክሽው ሥዕል ለእኔ ሥዕል አይደለም። መስታወት ላይ የተለጠፈ ነገር አልወድም፤ በልኩ በወረቀት አትመሽ ላኪልኝ፣ ዕቃውን እላዩ ላይ እየደረደርኩ ልየው። ደግሞ የሩዝ ፍሬ ያልሽውን እርሺው። ሩዝ ለቃሚ አይደለሁም። ባለ ረጅም እግሮቹን የድሮዎቹን ቺፖች አድርጊልኝ። አታጨናንቂያቸው፣ በየመሃላቸው ጣት የሚያስገባ ቦታ ይኑር። እና ቺፖቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይዙሩ። ጫፋቸው ላይ ያለችው ጎድጓዳ ምልክት የሁሉም በግራ ትሁን፤ አንዱም እንዳይዞርብኝ። ለምን አትበይኝ፣ እንደዚያ ነው የምፈልገው።

በይጄ ልላክ ያልሽውን እንዳልሰማሁ ሆኛለሁ። ለአፍታ ከደላላው ጋር የዋልሽ መስሎኝ ነበር።

አጎትሽ


መጋቢት 1

ለውድ ጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱ? ቸር ወሬ ያሰማኝ። አክስቴ ስለ ጉንጯ ያለችው ገብቶኛል፤ ፈቃድ የሚባል ነገር ካገኘሁ እመጣለሁ።

አሁን ልጣላዎት ነው። ጋሼ፣ ይኼ ካርድ ነው ወይስ የኳስ ሜዳ? ዕቃዎቹን ባራራቅኩ ቁጥር መስመሩ ይረዝማል፣ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ያ ያባረርነው ጫጫታ በጓሮ በር ይመለሳል። ሽቦ አታስረዝሚ እያሉ እጄን ይመቱኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? አንድ ጥሩ ምክንያት ቢነግሩኝ እኮ እቀበላለሁ። "እንደዚያ ነው የምፈልገው" የሚባለው መሥሪያ ቤቴ ያለ አለቃ ሲለው ነው።

ቢሆንም አድርጌዋለሁ፣ በአብዛኛው እንዳሉት ነው። ትልልቆቹን ቺፖች አስገባሁ፣ አራራቅኳቸው። ለአንድ ሳምንት ከሥራ መልስ እሱን ሳፈርስና ስሠራ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ነገር ታየኝና መስመሮቹ ሁሉ ሳይቆራረጡ ቀጥ ብለው ገቡ። ደስ ብሎኝ ከወንበሬ ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት። ወረቀቱ እዚህ ውስጥ አለ። ሁሉም ነገር ተጽፎበታል፣ ከመበየድዎ በፊት ደህና አድርገው ይዩት።

ፌንጣ


መጋቢት 20

ለፌንጣዬ፣

ጤና ይስጥሽ። ወረቀቱ ደርሷል፣ ጥሩ ነው። የቺፖቹን ስም የጻፍሽበት ፊደል ግን የጉንዳን እግር ነው። አተልቂው። የእግሮቹን ቀዳዳ አስፊው፣ ዙሪያውን ያለውን መዳብም ሰፋ አድርጊው። ከዚህ ሌላ አልጠይቅሽም፣ ቦርዱን አሠርተሽ ላኪ። ደላላው ትናንት መጥቶ ነበር። አክስትሽ ሻይ አቀረበችለት። ለደላላ ሻይ! እኔ ዕቃ እንደፈለገ ሰው ወደ ጓዳ ገባሁ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 2

ለውድ ጋሼ፣

እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። ቦርዱ ተሠርቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥቷል። ፊደሉን እንደ ሱቅ ታፔላ አድርጌልዎታለሁ፤ ባልደረቦቼ አይተው ለማን ነው ብለው ሳቁብኝ። አደራ፣ አዲሱ በደንብ መሥራቱን ሳያረጋግጡ አሮጌውን ካርድ እንዳይነኩት። ሲሠራ ወዲያው ይንገሩኝ። ለእኔ መጠበቅ እንዴት እንደሚከብደኝ ያውቁት የለ።

ፌንጣ


ሚያዝያ 25

ካርድሽ ተቃጥሏል። ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ሽታው ቤቱን ሞላው። እነዚያን ቺፖች እዚህ የሚሸጥ ስላጣሁ ከአሮጌው ካርድ ነቅዬ ነበር የተከልኳቸው፣ ስለዚህ አሁን አሮጌውም የለም። ማሽኑ ቆሟል። ሠራተኞቹ በትንንሾቹ የእጅ ማሽኖች እጅጌ ብቻ እየሠሩ ይቆልላሉ፤ ደረት የሌለው እጅጌ ምን ያደርጋል? የትዕዛዙ ጊዜ ደግሞ ደርሷል። እኔ አርባ ዓመት ስበይድ ዕቃ አቃጥዬ አላውቅም። ንድፍሽን መርምሪ።

አጎትሽ


ግንቦት 10

ለጋሼ፣

ደብዳቤዎ ሰላምታ አልነበረውም። ከእርስዎ ያለ ምርቃት ደብዳቤ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ አልቅሻለሁ። ካለቀስኩ በኋላ ተናድጄ ንድፉን መስመር በመስመር ፈተሽኩት። ስህተት አጣሁበት። ያን ጊዜ አክስቴ ጋ ደውዬ፣ ለእርስዎ ሳትነግር ካርዱን በስልኳ ከፊትም ከኋላም አንስታ እንድትልክልኝ ለመንኳት። ይቆጡኝ እንጂ አደረግኩት።

አምስተኛው ቺፕ ተገልብጦ ነው የተተከለው። ይኼ የእኔ ጥፋት ነው። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይዙሩ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን መስመሩ ቀጥ እንዲልልኝ ብዬ አንዱን አዞርኩት። ያ ክፍሉን ያዞረኝ ደስታ ይኼ ነበር። በደብዳቤው አላነሳሁትም፣ ምክንያት ስላልነገሩኝ እልህ ይዞኝ ነበር። ቦርዱ ላይ ግን "ይኼ ዞሯል" ብዬ ጽፌያለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ አተልቂው ባሉት ፊደል፣ ቺፑ አጠገብ፣ ነጭ በአረንጓዴ ተጽፏል። እዚያው ጎን ደግሞ ሁለት እግሮች ላይ የብየዳው ሊድ ፈስሶ አጣብቋቸዋል። እርስዎ ብየዳ ሲያስተምሩኝ እንዲህ ያለውን እብጠት አይተው ካውያውን ከእጄ የነጠቁኝ ሰው ነዎት።

ከዚያ ደብዳቤዎችዎን ከመጀመሪያው አንስቼ አነበብኳቸው። በእርሳስ የታሸው ወረቀት፣ የስልኩ ሥዕል፣ ጣት የሚያስገባው ቦታ፣ ፊደሉ፣ ቀዳዳው። ሌላ ሰው ቢሆን ቶሎ ይገባው ነበር። እኔ ስሮጥ አመለጠኝ።

ዓይንዎ ምን ያህል ያያል?

ፌንጣ


ግንቦት 28

ጋሼ፣

መልስ የለም። ስደውል "ወጥቷል" ይሉኛል። የት ነው የሚወጡት? በሥራ ላይ አንድ መስመር አስምሬ አጠፋለሁ፣ ተነስቼ ውሃ እጠጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና አጠፋለሁ። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፤ ስድብም ቢሆን ይጻፉልኝ። ለአክስቴ ምንም አልነገርኳትም።

ፌንጣ


ሰኔ 9

ለፌንጣዬ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ባለፈው ያስቀረሁብሽን ምርቃት ከነወለዱ ተቀበዪ፤ ዕድሜሽ ይርዘም፣ እጅሽ ይባረክ፣ የሚያስብልሽ አይጥፋ። መስመሩ ቢጣመምብሽ ታገሺኝ፤ ማስመሪያ አስደግፌ ነው የምጽፈው።

የምሄድበት የለኝም። ስትደውይ ጓዳ እገባለሁ።

ከመሃል ነው የጀመረው። ዳር ዳሩን አያለሁ፤ አክስትሽ በበሩ ስትገባ አያታለሁ፣ ፊቷን ልይ ስል ግን ፊቷ ይጠፋል። የቺፑን እግር ትኩር ብዬ ሳየው እግሩ የለም። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል ብሎኛል። ደብዳቤሽን በአጉሊ መነጽር ፊደል በፊደል ነው የማነበው፤ አንዱን ለመጨረስ ቀኑ ይመሻል። መልሴ ሲዘገይብሽ ፖስታ ቤቱን ትረግሚ ነበር፣ ምስኪኖቹ ምንም አላጠፉም።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ካውያውን ከእጄ ይወስዱታል ብዬ ፈራሁ። ጣቴ ያውቃል፤ ቺፕ የት እንደጀመረ የት እንዳለቀ ጣቴ ያውቃል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከዞሩ ዓይን አያስፈልገኝም ብዬ ነበር። ምክንያቱን ብነግርሽ ኖሮ እንደማታዞሪው አውቃለሁ፤ ሳልነግርሽ ቀርቼ አንቺን ጥፋተኛ ማድረጌ እንቅልፍ ነሳኝ። ይቅር በዪኝ።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር የለም። አክስትሽን ማሽኑን ሽጪው ልላት ነው። የምነግርበትን ቃል እየፈለግኩ ነው።

አጎትሽ


ሰኔ 24

ለውድ ጋሼ፣

ምርቃትዎን ከነወለዱ ተቀብያለሁ፣ እርስዎም ይመረቁልኝ። ይቅርታ የሚባለውን ደግሞ ለሁለት እንካፈለው፣ ድርሻዬን አልሰጥም።

ማሽኑን እንዳይሸጡት። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ዓይኔን በሻርፕ አስሬ አንድ ቦርድ ለመበየድ ሞከርኩ። ሁለት ጣቴን ጠበስኩ፣ ካፓሲተሩ ወድቆ ወለሉ ላይ ስዳብስ ዋልኩ፣ ከዚያ በኋላ ግን ገባኝ። እስከዛሬ ለዓይን የሚያምር ቦርድ ስሠራ ኖሬያለሁ። ደግሞም ማሽኑ ያልጠየቀውን ፍጥነት ነበር የማሳድደው። የሹራብ መርፌ ምን ያስቸኩለዋል? በእያንዳንዱ የትዕዛዝ መስመር ላይ ጉልበቱን የሚገታ አንድ አንድ ሬዚስተር አስገብቼ ሲግናሉን አለሰለስኩት፤ እንደ በፊቱ ዘሎ አይነሳም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ቀስ ካለ ደግሞ መስመሩ ቢረዝምም ጫጫታ አያመጣም። ስለዚህ የፈለጉትን ያህል ማራራቅ እችላለሁ ማለት ነው። በየመስመሩ መሃል ሰፊ ግራውንድ አለ፣ ሊድ ቢፈስ እንኳ ጎረቤት አይነካም። ቺፖቹ በቀጥታ አይበየዱም፣ በመቀመጫ ላይ ነው የሚሰኩት። የቦርዱን አንዱን ጥግ ቆርጬዋለሁ፤ የተቆረጠው ጥግ በግራ እጅዎ በኩል ከሆነ አያያዝዎ ትክክል ነው። እና ሁሉም፣ ሁሉም ወደ ግራ ዞረዋል። ሻርፑን አስሬ ደግሜ በየድኩት፣ ሠራ።

ቺፖቹን አሮጌ ኮምፒውተር ከሚሰበስብ ሰውዬ ነው ያገኘኋቸው፤ ለሹራብ ነው ስለው አላመነኝም። በዚህ ጥቅል ውስጥ ሁለት ካርድ አለ። አንደኛው ያ የበየድኩት ነው፣ ያለቀ። ሁለተኛው ባዶ ቦርድ ከነዕቃዎቹ ነው። የትኛው እንደሚገባ እርስዎ ይወስኑ፣ እኔ አልጠይቅም። ለአክስቴ ግን ይንገሯት። ፊቷ ጠፋኝ ያሉኝን ለእኔ ብቻ መንገር አይበቃም።

የሚያስብልዎ ፌንጣ


ነሐሴ 5

ለፌንጣዬ፣

ምርቃቱን ከመጀመሬ በፊት ይቺን የምትጽፈው አክስትሽ መሆኗን ልንገርሽ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ የማይጥማትን ደግሞ ትዘላለች መሰለኝ። ያለሽበት ይስፋልሽ፣ የጠበስሽው ጣት ይዳንልሽ።

ነገርኳት። ለካስ ታውቃለች። ዓመት ሙሉ ጫማዬን ከአንድ ቦታ ሳታነቃንቅ፣ ብርጭቆዬን በቀኝ በኩል እያስቀመጠች፣ ወንበር መንገድ ላይ እንዳይቀር ሠራተኞቹን እየተቆጣች ኖራለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ ስላት፣ ራስህ እስክትነግረኝ ነው አለችኝ። ደላላውንም የጠራችው ካውያ ሲያቃጥለኝ እያየች መቆም ስላቃታት ነበር። ተቀያየምን፣ ተላቀስን፣ ምሳ በላን።

የመጀመሪያ ቀን ያለቀውን ካርድሽን አስገባሁት። ኩራቴን ዋጥኩት፣ ሠራተኞቹ እኮ ቆመው ነበር። ማሽኑ ሄደ። ደረቱ ላይ ጥለቱ ሲያልፍ አልደገመም፤ ጨርቁን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በጣቴ ተከተልኩት፣ ቀጥ ያለ ነው። ትዕዛዙ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል።

ከዚያ ባዶውን ይዤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። አክስትሽ ልርዳህ አላለችም፣ ሻይ አስቀምጣ ወጣች። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። አንዱን መቀመጫ ነቅዬ ደግሜ ተከልኩት። ሲያልቅ ያንቺን አውጥቼ የእኔን አስገባሁና አክስትሽ ማሽኑን አስነሳችው። ሁላቸውም ሥራቸውን ትተው ከበቡን። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አዳመጥኩ፤ ረድፍ ሲደግም ድምፁን አውቀዋለሁ። አልደገመም ልጄ። እስከ አንገቱ ድረስ አልደገመም። አሁን ማሽኑ ውስጥ ያለው የእኔ ነው፣ ያንቺ መሳቢያ ውስጥ በተጠንቀቅ ተቀምጧል። ደላላው ሲመጣ አክስትሽ ራሷ በር ላይ አነጋግራ ሸኘችው፣ ያለ ሻይ።

አንገት ብቻ የምትሠራው ትንሿ ባለ ኮምፒውተር ማሽን ደግሞ ካርዷ እያረጀ ስለሆነ ለእሷም አንድ ትነድፊልኛለሽ። ሁሉም እንደዚህኛው ይሁን፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጪልኝ። ያን ትልልቁን ፊደል አጥፊው። አሁን በአጉሊ መነጽርም አይታየኝም፤ ቦርዱ ላይ ከፍ ከፍ እያለ ጣቴን ከማደናቀፍ ሌላ የሚሠራልኝ ነገር የለም። አክስትሽ እዚህ ስትደርስ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር፤ ጻፊ፣ እንድታውቀው ጻፊ አልኳት።

አጎትሽ፣ በአክስትሽ እጅ